የስድስት ቤት ዘይት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሽመልስ ከአሰብ ሲመለስ የጭነት መኪናውን ደብረ ብርሃን ላይ አቁሞ ሊጠይቀኝ ገባ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እጁ በረዶ ሆኖ ነበር። ከካፖርቱ ሥር አንዲት ቆርቆሮ አወጣና «እማማ፣ ለጾምሽ ዘይት አመጣሁልሽ። የወይራ ዘይት ነው» አለኝ። ቆርቆሮዋ ላይ ቅጠሉ የሾለ ቅርንጫፍ ተስሏል።

«ወይራ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዘይት የሚሰጠው?» አልኩት። «እኛ የምናውቀው ወይራ ጭስ ነው የሚሰጥ፣ ዱላ ነው የሚሰጥ። እስቲ ወዲያ፣ አታሹፍብኝ!»

ሳቀብኝ። የባሕር ማዶው ወይራ ፍሬው ትልቅ ነው አለ። ገበሬዎቹ ማኅበር ገብተው ይለቅሙታል፣ እሳት ሳይነካው በቀዝቃዛው ይጨምቁታል፣ መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል ብሎ የወደብ ሰዎች የነገሩትን ሁሉ ነገረኝ። ዳቦ ቆርሼ፣ ነክሬ ቀመስኩት። ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ እንጂ ክፉ አይደለም። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ሄደ። እኔም በልጅነቴ ከወይራ ግንድ ውስጥ የወጣ፣ እሳት ያልነካው፣ የማኅበር ዘይት በልቻለሁና። «ቁጭ በል» አልኩት። «ጭነቱስ?» አለኝ። «ጭነትህ እግር የለው፣ የትም አይሄድ» አልኩትና ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩለት። ይጻፍ ያለው እሱ ነው፤ ከረዘመባችሁ እሱን ውቀሱት።

ያኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለባል ተጠይቄ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ ሠርጌ በከብት እልቂት የቀረብኝ ልጅ። ሰንጋው ሲሞት ሠርጉም ሞተ። መንደራችን ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ወገብ ላይ ነበረች። ከኛ በላይ ብርድና ገብስ፣ ከኛ በታች ሙቀትና ማሽላ ነው። እኛ መሐል ሆነን ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይደርሰን ነበር። ዛሬ ክፉ ቀን እያላችሁ በወሬ የምትሰሙት ዘመን መሆኑ ነው። በሽታው ገብቶ በአንድ ክረምት በረቱን ሁሉ ባዶ አደረገው። አባቴ ደስታ ወሬ የሚወድ፣ ሰው የሚያሥቅ ሰው ነበር። የመጨረሻው በሬው ሲወድቅ ግን ቀንበሩን ተሸክሞ ቤት አስገባና መደቡ ሥር አስተኛው።

በሬ ከሌለ ጤፍ የለም። ጤፍ ደጋግሞ የታረሰ መሬት ይፈልጋል። ኑግ ግን ቅንጡ አይደለም፤ በዶማ ጫር ጫር አድርገህ ብትበትነውም ይበቅላል። አባቴና አራቱ ጎረቤቶቻችን ያችን የቀረቻቸውን ጉልበት አሟጠው፣ ሰኔ ላይ ኑግ በተኑ። መስከረም ሲጠባ ሸንተረሩ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ሰው በየመንገዱ ወድቆ፣ ቀባሪ ጠፍቶ፣ ያ አበባ ፈክቶ ማየት! እናቴ ደጃፍ ቆማ «ይሄ አበባ አያፍርም?» ስትል ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ።

ኑግ ግን እህል አይደለም፣ ሰው ኑግ በልቶ አይከርምም። የአባቴ ሐሳብ ዘይት አውጥቶ ወደ ደጋ መውሰድ ነበር፤ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካልሆነም እስከ እነዋሪ ድረስ። ገብስ ገና ያላለቀበት ቤት አለ ይባላል። ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። ያለውም ሰው ቢሆን ያለ ዘይት ወጡን በምን ይሠራል? ዘይቱን በገብስ ለውጠን እስከሚቀጥለው እሸት እንደርሳለን ብሎ አሰበ። ችግሩ ዘይቱን ማውጣቱ ነው። በቤታችን ኑግ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ይሰለቃል፣ በፈላ ውኃ ይታሻል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ይቀዳል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ለአንድ ቤት ጾም እንኳ አይበቃም። በዚያ ረኃብ ላይ ማን ዘነዘና ያነሣል?

አያ ሙሔ የገባው በዚህ ነው። አያ ሙሔ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበር። በደህናው ዘመን አሞሌና ቡና ጭኖ ሐረር ይመላለስ ነበር፤ አባቴም በገበያ ነው የተዋወቀው። ንግዱ ሲቆም አንድ ግመልና ብዙ ወሬ ብቻ ቀረው። ከወሬው አንዱ በሐረር በኩል አይቶት የመጣው የዘይት ግንድ ነው። ወፍራም የወይራ ግንድ ይፈለፈልና መሬት ውስጥ ይተከላል። ውስጡ ሌላ ትልቅ ዘነዘና ጋደም ይላል። ዘነዘናው ከረጅም ምሰሶ ጋር ይታሠራል፣ ምሰሶውን ግመል እየዞረ ይጎትታል። ኑጉ ከግንዱ ጋር እየተፋጨ፣ እሳት ሳያይ፣ ዘይቱ ከሥር በተበሳው ቀዳዳ ይወርዳል። አያ ሙሔ ይህንን አስፈልፍሎ ከቤቱ ጓሮ ተከለው።

«እናንተ ኑግ አላችሁ፣ እኔ ግመል አለኝ» አለው አባቴን። «ለምን ማኅበር አንገባም?»

«ማኅበርማ በጻድቅ ስም ነው የሚገባ» አለ አባቴ። «አንተን በየትኛው ጻድቅ ስም ላስገባህ?»

«ወላሂ፣ እኔ እንጃ። በዘይቱ ስም አስገባኝ።»

ይህ ነገር በመንደሩ ብዙ አነጋገረ። የነሱን እርድ እኛ አንበላም፣ የኛንም እነሱ አይበሉም። ግን ዘይት አይታረድ! «ሥጋ ነው የለያየን እንጂ ኑግ ምን አደረገን?» እያለ አባቴ አራቱን ጎረቤቶች አንድ በአንድ አሳመነ። እሱው የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ ሆነ። አንድ ሕግም አወጣ፤ የማንም ዘይት ለብቻው አይቀዳም፣ የስድስቱ ቤት ዘይት በአንድ ጋን ተቀላቅሎ እኩል ይካፈላል። «የኔ ኑግ ፍሬው ሙሉ ነው፣ ያንተ ገለባ ነው» መባባል እንዳይመጣ ብሎ ነው። ሁሉም እሺ አሉ። ከሁሉ ዘግይቶ እሺ ያለው አያ ጥላዬ ነበር። ኑጉ በእውነትም ሙሉ ነበር፤ በዚያ ላይ አምስት ልጆች ነበሩት።

የአምስቱን ቤት ኑግ ወክዬ እንድወርድ እኔ ተመረጥኩ። ሠርግ የቀረባት ልጅ ሌላ ምን ሥራ አላት! ጥር ነበር። ከመንደራችን ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢ እያወለቃችሁ ነው፤ አየሩ በየመታጠፊያው ይሞቃል። እኔ ኑጉን ወደ ግንዱ እጨምራለሁ፣ የአያ ሙሔ ሚስት እትዬ ዘይነባ ግመሉን ትነዳለች። እንዳያዞረው ዓይኑን በጨርቅ ሸፍናው ይሄዳል፤ ግንዱ ያቃስታል፣ ግመሉ ያጉረመርማል፣ እሷ ትዘፍናለች። እትዬ ዘይነባ ሰፊ ሴት ነበረች፣ ረኃቡም ሳቋን አላከሳውም። የመጀመሪያው ዘይት ጠብ ጠብ ሲል ዓይኔን አላመንኩም። የቤታችን ዘይት ጥቁርና ጭስ ጭስ የሚል ነው። ይሄ ግን እንደ ማር የጠራ፣ የኑግ አበባ የሚሸት! ከቤት በያዝኩት ድርቆሽ እየነከርኩ በላሁ። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ስንት ነገር ቀምሼ፣ ያንን የሚያህል አላገኘሁም።

ሥራው ያለቀ ቀን እትዬ ዘይነባ ግንዱን እየወለወለች «አየሽው? አንድ ስንጥቅ የለበትም» አለችኝ። «አዲስ እንጨት እኮ ነው። ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ተሰንጥቆ ለማገዶ ይሆን ነበር። እኔ ግን አስጠጣሁት።»

«ምን አስጠጣሽው?»

«ላት ነዋ! ሙሔ የመጨረሻዋን በጋችንን ሲያርድ ላቷን አቀለጥኩና ውስጡን እየቀባሁ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ጠጣ፣ ጠጣ፣ በቃኝ እስኪል ጠጣ። የናቴ ሙያ ነው፤ እንጨት ሁሉ እንዲህ ነው የሚገራው።»

ድርቆሹ አፌ ውስጥ ነበር። አልዋጥኩትም፣ አልተፋሁትምም። እሷ ፊቴን አየችና ደነገጠች። «ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች፤ ከዚያ እራሷ ገባት። «ዋይ! ጾማችሁ! ዋይ እኔ ዘይነባ!» ብላ ጉንጮቿን ነጨች። ከልቧ ነው ያዘነችው፤ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረባትም። እንጨትን እንዳይሰነጠቅ ማስጠጣት ለሷ የሴት ወጉ ነው፤ ለኛ ግን የበግ ስብ፣ ያውም እርዱ የኛ ያልሆነ፣ ለጾም በተባለ ዘይት ውስጥ ገብቷል።

በማግሥቱ አባቴ አህዮች ይዞ ሲመጣ ገና በሩ ላይ ነገርኩት። ሄዶ ግንዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። አያ ሙሔም ፊት ለፊቱ ቆመ። ጋኑ አፉ ድረስ ሞልቶ መሐላቸው ተቀምጧል። በደጋ ገብስ ያላቸው ሰዎች ከወዲሁ ቃል ሰጥተውን ነበር። ያ ጋን የስድስት ቤት ነፍስ ነው፤ ይህን እኔም፣ አባቴም፣ አያ ሙሔም እናውቃለን።

«ደስታ» አለ አያ ሙሔ መጨረሻ ላይ፣ «ወላሂ አላወቅንም። የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ። ዝም ካልክ ግን የኔም የዘይነባም አፍ እስከ መቃብር አይከፈትም።»

አባቴ ቀና ብሎ አየው። «እኔ ልብላው፤ የራሴ ነው፣ ለራሴ እጠየቅበታለሁ። የማያውቀውን ሰው ጾም ግን እንዴት አድርጌ ልፍታበት?» አለ። እንባ በዓይኑ ሞላ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለበሬዎቹ እንኳ አላለቀሰም።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላም ሁሉንም ነገራቸው። አልሸፋፈነም። አያ ጥላዬ እላዩ ላይ ሊወጣበት ደረሰ። «የኔ ኑግ መጨረሻ ነው የተጨመቀው! ያኔ ግንዱ በእናንተ ኑግ ታጥቦ አልቋል፣ የኔ ንጹሕ ነበር። አንተ ነህ ቀላቅሉ ብለህ ያበላሸኸው!» አለ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ አባቴም አልተከራከረው። ሁሉም ወደ ቄሳችን ወደ መምሬ ኃይሉ አዩ። እሳቸውም ተርበው ነበር፣ ቀሚሳቸው ከላያቸው ሊወልቅ ደርሷል። «አንተ ደስታ» አሉ፣ «ዝም ብትለኝ እኔም ባላወቅሁት በልቼው ነበር። ነገርኸኝ። እንግዲህ አይሆንም።» ለኔ ስለ ቀመስኩት ስግደት ሰጡኝ፣ ጸበልም ረጩኝ። ጣዕሙን ግን ጸበሉም አላነሣው፣ ይቅር ይበለኝ።

አያ ሙሔ ይህን ሲሰማ ሚስቱን ይዞ ወደ መንደራችን ወጣ። «ለናንተ ያልሆነ ለኛ ሰው ይሆናል» አለ። «በግመሉ ጭኜ ቆላ ልውረድ፣ በማሽላ ለውጬ ልምጣ። ማሽላው ለስድስት ቤት ነው።»

«ይዘህ ልትጠፋ!» አለ አያ ጥላዬ። ሌሎቹ ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ግን ያው ነበር። ቤቱ ደጃፍ ልጆቹ ተቀምጠው፣ ያለውን ሁሉ ለሌላ ሰው አስረክቦ ጠብቅ ሲባል ሰው ምን ይበል?

ያኔ እትዬ ዘይነባ ነጠላዋን አጣፍታ ቤታችን ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እዚህ ነኝ፣ እስኪመለስ አልነሣም» አለች። «ለአንድ ጋን ዘይት ብሎ እኔን ከተወኝማ፣ ዘይቱን ምንኛ ቢወደው ነው!» በዚያ ሁሉ ጭንቀት ሰው ሳቀ። አያ ሙሔ ግን አልሳቀም። በማግሥቱ አልዩ አምባ ላይ ዘይቱ ወደ ገንቦዎች ተገልብጦ፣ በጭድ ተጠቅጥቆ በግመሉ ተጫነ፤ አያ ሙሔም ወረደ።

ያንን ጥበቃ መንገር አልወድም። ጾሙ ገባ። እትዬ ዘይነባ ከኛ ጋር ሳማ ትለቅማለች፣ ከኛ ጋር ትቀቅላለች። ፊቷን አዙራ ስትሰግድ እናቴ መጀመሪያ መጀመሪያ ፊቷን ታዞር ነበር፤ ኋላ ግን ከስግደቷ በፊት የምትታጠብበትን ውኃ አሙቃ ትሰጣት ጀመር። አያ ጥላዬ ጠዋት ጠዋት በደጃችን እያለፈ «አልመጣም?» ይላል፣ መልስ ሳይጠብቅ ይሄዳል። አንድ ቀን ሳያልፍ ቀረ። ትንሹ ልጁ ሞቶበት ነበር። እትዬ ዘይነባ ለቅሶ ልድረስ አለች፤ ተይ ብንላት እንቢ ብላ ሄደች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አያ ጥላዬ አያት፣ አልጮኸም። «ባልሽ ቢመጣ ኖሮ» ብቻ አላት። ስትመለስ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ነበር።

አያ ሙሔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽላ የጫኑ የነጋዴ አህዮች እየነዳ፣ በእግሩ። ግመል አቀበቱን ስለማይወጣው ማንም ነገሬ አላለውም። ማሽላውን ለስድስት ቤት አካፈለ፤ የሱ ድርሻ ከሁሉ አነሰች፣ ስንነግረው «እኛ ሁለት ራስ ነን» አለ። የአያ ጥላዬን ራሱ ተሸክሞ ወሰደለት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አባቴ ግመሉ ደህና ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው «ለነጋዴ አከራይቼዋለሁ፣ ይመለሳል ኢንሻአላህ» አለ። የማሽላውን ንፍሮ በላን፤ ተቆጥበን፣ ተቆጥበን፣ እስከ እሸት ደረስን። ያን ዓመት ከአምስቱ ቤት የሞተው ያ ልጅ ብቻ ነው። ከኛ መንደር ወዲያና ወዲህ የተዘጋውን ደጅ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በዓመቱ ኑጉ እንደገና ደረሰ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ተሸክሞ ወደ አያ ሙሔ ጓሮ ወረደ። ግንዱ በአመድና በፈላ ውኃ ታጥቦ ቆይቷል። መጀመሪያ የሚወጣው ዘይት ለአያ ሙሔ ቤት ይቀዳል፣ የኛ ከዚያ በኋላ ይሆናል ተብሎ ተስማማን፤ መምሬ ኃይሉም በዚህ ፈቀዱ። ኑጉ ተከምሯል፣ ምሰሶው ተዘርግቷል። ግመል ግን የለም።

«ግመሉ የት አለ?» አለ አባቴ።

አያ ሙሔ ግንዱን ተደግፎ ቆመ። «የለም» አለ። «አምና ቁልቁለቱ ላይ አዳለጠውና ተንበረከከ። ገንቦዎቹ ዐለት ላይ ወደቁ። አንድ አልተረፈም። ቁጭ ብዬ ዘይቱን አፈር ሲጠጣው አየሁት። ከዚያ ግመሉን አስነሥቼ ቆላ ወሰድኩና ለአንድ የበረሃ ነጋዴ ሰጠሁት። ማሽላው የግመሉ ዋጋ ነው።»

አባቴ ድምፁ ተቀየረ። «አንተ ሰው፣ ምነው ብትነግረን?»

«ምን ብዬ? ባዶ እጄን መጥቼ ‹ገንቦው ተሰበረ› ብላችሁ ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንሃለሁ!»

«አንተማ ታምነኛለህ፣ ደስታ» አለ አያ ሙሔ። ሌሎቹን አላየም። ማየትም አላስፈለገውም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው አያ ጥላዬ ነው። ጋቢውን አውልቆ ወገቡ ላይ አሠረ፣ ወደ ምሰሶው ሄደ፣ ደረቱን ሰጠው። ብቻውን ሲገፋ ግንዱ አልነቃነቅ አለው። «ልጄ፣ ኑጉን ጨምሪ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። አያ ሙሔ ከጎኑ ገባ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገፉት፣ ግንዱም ማቃሰት ጀመረ። ከዚያ አባቴ ገባ፣ ከዚያ ሌሎቹ በተራ በተራ። እያዞራቸው እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ ያንን ኑግ ጨርሰው ጨመቁት። እኔ አለቅስ ነበር፣ እትዬ ዘይነባም ታለቅስ ነበር፤ ሁለታችንም የኑጉ ብናኝ ነው እያልን።

ዘይቱ ደጋ ወጣ፣ ገብስም መጣ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ፤ በሬ ሲገኝ በበሬ፣ ሳይገኝ በሰው ትከሻ። አሁን ሁሉም ዐርፈዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እኔም ያን ያህል አልርቅም።

ሌሊት እንቅልፍ ሲከዳኝ ሁለቱን ሰዎች አስባለሁ። አባቴ ደጀ ሰላም ቆሞ ዘይቱን ስብ ነክቶታል ሲል ተቆጡት፣ ሰደቡት፣ ሊደበድቡትም ምንም አልቀራቸው። ትዋሻለህ ያለው ግን አንድ ሰው አልነበረም። አያ ሙሔም የሚናገረው እውነት ነበረው፤ እውነቱ ግን ግመል አስከፈለው። ሰው ሁሉ ስለ አያ ሙሔ ሳወራ «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው!» ይለኛል። ደግስ ደግ ነበር። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ግን፣ እኛን ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አስቦን፣ እውነቱን ከመንገር ግመሉን መስጠት የቀለለው መሆኑ ነው።